ጠጅ ያልቀመሰ ሰው ጉበቱ ይታመማልን?

የሐረር ሰንጋ እንዴት እንደሚደልብ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በሬው ከእርሻ ይወጣል፤ ደጃፍ ላይ ይታሰራል፤ የማሽላ አገዳ በእጅ ያጎርሱታል። ሥራ የለበትም፣ ይበላል። ሲታረድ ስቡ ከቆዳው ሥር ብቻ ሳይሆን በሆድ ዕቃውም ውስጥ ይገኛል።

ሰውም እንደዚሁ ነው። ተቀምጦ የሚውል፣ ስኳርና ቅባት የሚያበዛ ሰው ስቡ ጉበቱ ውስጥ ይገባል። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ነው። መርዝን ያከሽፋል፤ የተረፈውን ስኳር ደግሞ ወደ ስብ ይለውጣል። ስቡ ሲበዛ በአንዳንድ ሰው ላይ ጉበቱ ይቆስላል። ቁስሉ ለዓመታት ሲቆይ ጠባሳ ይሆንና ጉበቱ ይደድራል።

«እኔ መጠጥ አልቀምስም፣ ጉበቴ ደህና ነው» የሚል ሰው ሐረር ውስጥ ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች 150 የጉበት ሕሙማን ተመርመሩ። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የታወቀ ምክንያት፣ መጠጥም ቢሆን፣ አልተገኘም። ጉበታቸው ካልታመመ 300 ሰዎች ጋር ሲተያዩ ግን ጫት የሚያበዙት ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ጫት ስብ ያመጣል ማለቴ አይደለም። ጫት ራሱን ችሎ ጉበትን ሳይጎዳ አይቀርም። ደግሞም ጫት ይመራል፣ አፍ ያደርቃል፤ ስለዚህ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይጠጣበታል። እንግዲህ ጉበት በሁለት ወገን ይመታል።

ክፋቱ፣ የጉበት ስብ መጀመሪያ ላይ አያምም። ዓይን ቢጫ እስኪሆን፣ ሆድ እስኪነፋ መጠበቅ ደግ አይደለም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥራሥር ይጠጣል። አንዳንዱ ሥራሥር የታመመውን ጉበት ጭራሽ ያብሰዋል። ሐኪም ግን ደም ይመረምራል፤ አልትራሳውንድ በሚባል መሣሪያ ከሆድ ላይ ሆኖ ስቡን ያያል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ተላላፊ በሽታ መኖር አለመኖሩም በደም ይታወቃል።

ሕክምናው በአብዛኛው በራሳችን እጅ ነው። ወፍራም ሰው 80 ኪሎ ቢመዝንና ቀስ ብሎ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ ስቡ ይቀልጣል። ስኳርና ለስላሳ ይቀንስ፤ በእግሩ ይሂድ፤ የስኳር በሽታ ካለበት መድኃኒቱን አያቋርጥ። ቡና ያለ ስኳር ጉበትን አይጎዳም፤ እንዲያውም ሳይጠቅም አይቀርም። ለሐረር ሰው ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው።

ሐኪሙ በቀን ስንት እስር ጫት እንደምትቅሙ ሲጠይቃችሁ አትፈሩ፣ አትቀንሱም፤ ልኩን ንገሩት።