እንዴት ይሠራል? ከረከቦቱ ሥር የተነጠፈው ጀልባ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ቡና ተፈልቶ ቄጠማ ካልተጎዘጎዘ፣ እንግዳው ባይናገርም አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቀዋል። ለዱዓው ይጎዘጎዛል፣ ለዝክሩ ይጎዘጎዛል፣ ለሠርጉማ አይወራም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሲያበቃ የተረገጠው ቄጠማ ይጠረግና ይጣላል።

ዛሬ ከመጠረጉ በፊት አንዷን አገዳ አንሱልኝ። አብሽሩ፣ የማወራችሁ ስለ ጀልባ ነው፤ ግን ከዚህ ካልጀመርን አይሆንም።

አገዳዋን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታችሁ መካከል ይዛችሁ አሽከርክሯት። ልስልስ ብላ አትዞርም፤ ጣታችሁን እየቆረቆረች ነው የምትዞረው። ሦስት ጠርዝ ስላላት ነው። ተራ ሣር ቢሆን ድብልብል ነበር፣ መሐል መሐሉ ላይም አንጓ በኖረው ነበር። ገበያ ላይ ሣር ቀላቅለው ከሸጡላችሁም በዚሁ ትይዟቸዋላችሁ።

አሁን በስለታም ምላጭ አግድም ቁረጧትና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ዳር ዳሩን ጠንካራ አረንጓዴ ቆዳ፣ መሐሉን ደግሞ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በጥፍር ሲጫኑት ስርጉድ የሚል ነገር ታያላችሁ። የጀልባው ምሥጢር ያ ነጩ ነው።

ቄጠማ የሚወደው ረግረግ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የወረደ ሰው ቦርከና የሚያጠጣውን የጨፋን ረግረግ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚበቅል ተክል አንድ ችግር አለበት። ሥሩ የተቀበረበት ጭቃ አየር የለውም፤ ሥርም እንደኛው ይተነፍሳል። ስለዚህ ተክሉ አየሩን ከላይ ተቀብሎ በአገዳው ውስጥ ወደ ታች ይልካል። ነጩ ልስላሴ የዚያ አየር መተላለፊያና ማከማቻ ነው፤ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ክፍሎች አሉት።

እንፈትነው። የስንዝር ያህል አገዳ ቆርጣችሁ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ጣሉት። ይንሳፈፋል። በጣታችሁ ወደ ታች ደፍቃችሁ ልቀቁት፤ ዘሎ ይወጣል። ቀጥሎ እዚያው ውኃው ውስጥ እንዳለ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ በጥፍራችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ጫፉ ላይ ጥቃቅን አረፋ ብቅ ብቅ ይላል። በዘነዘና ደቁሳችሁ ብትመልሱት ደግሞ የቀድሞ ጉልበቱን ታጡታላችሁ፤ ወይ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ወይ ጭራሹን ይሰጥማል። ተክሉ ያው ተክል ነው፣ የወጣው አየሩ ብቻ ነው።

ይህ ቄጠማ አንድ ግዙፍ ዘመድ አለው፤ ደንገል ይባላል። እሱም ባለ ሦስት ጠርዝ ነው፣ እሱም አንጓ የለውም፣ እሱም መሐሉ ነጭ ነው። ቁመቱ ግን አራት ሜትር ሲያልፍ ይታያል፤ ግርጌው ላይ አገዳው ከአውራ ጣት ይወፍራል። የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩት ከዚሁ ነጭ ክፍል ነው። የጣና ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ሙያ የታወቁት የነገደ ወይጦ ተወላጆች፣ ታንኳ ይሠሩበታል።

ጥር በጣና ዳር የውኃ ወር ነው። ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ ከዚያ በ21 አስተርዮ ማርያም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ባሕር ዳር እነዚህን ቀናት አያይዛ «ጥርን በባሕር ዳር» እያለች ታከብራለች፤ ሐይቁ ላይ የጀልባ ትርኢት ይታያል። ከደሴ በወልዲያና በደብረ ታቦር በኩል ዞራችሁ ለበዓሉ ብትሄዱ፣ ከሞተር ጀልባው ይልቅ ዓይናችሁ የሚያርፈው ሞላላዋ፣ ጠባቧ፣ አፍንጫዋን ሽቅብ የቀሰረችው ታንኳ ላይ ይመስለኛል። ሥራ ካላቸው ሰዎች ጋር ተጠግታችሁ ማገዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ እንዴት እንደምትሠራ ማወቁ ይጠቅማል።

ሳፋው አሁንም አጠገባችሁ ነው? አንድ ትንሽ የብረት ሳህን ቀስ ብላችሁ ውኃው ላይ አስቀምጡ። ብረት ነው፣ ግን ይንሳፈፋል። በማንኪያ ውኃ እየቀዳችሁ ወደ ውስጡ ጨምሩ። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ይልና ጠርዙ ውኃውን የነካ ጊዜ ጥልቅ! ሞተር ያለው የብረት ጀልባም፣ ትልቁ መርከብም፣ በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ ሰዎች ቤታቸው አድርገው የሚኖሩባቸው ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ጠባብ የብረት ጀልባዎችም የሚንሳፈፉት በዚሁ ሕግ ነው። ውኃው ውጭ እስከቆየ ድረስ ሰላም ነው። አንድ ቀዳዳ ይበቃቸዋል።

አሁን የሳህኑን ቦታ ለቄጠማ ስጡት። አንድ ጭብጥ ቄጠማ ሁለት ቦታ ጠበቅ አድርጋችሁ በክር እሰሩና ሳፋው ላይ አስቀምጡ። በማንኪያው ሳይሆን በጣሳ ቅዱና ከላይ አፍስሱበት። ውኃው በአገዳዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ሳፋው ይመለሳል፤ ጭብጡ ያለበት አለ። ታንኳ ይኸው ነው። ከመጀመሪያውም ውኃ ያስገባል። ውኃ አላስገባም ብሎ የሚታገል ጀልባ ስላልሆነ የሚሸነፍበት ነገር የለም። የሚያንሳፍፈው ሆዱ ባዶ መሆኑ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገዳ ውስጥ የተቆለፈው አየር ነው።

ጀሪካን የሌለበት የደሴ ቤት የለም፤ እሱን እናምጣው። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ገጥማችሁ በርሜል ውስጥ ለመድፈቅ ሞክሩ። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ያውም እየተንሸራተተ ያመልጣችኋል። ሙሉ በሙሉ ስትደፍቁት 20 ሊትር ውኃ ቦታውን ይለቅለታል። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ውኃውም ጀሪካኑን በዚያው በ20 ኪሎ ጉልበት ሽቅብ ይገፋዋል። የጀሪካኑን የራሱን ክብደት ብትቀንሱለት ከ18 እስከ 19 ኪሎ የሚሸከም ጉልበት ይተርፈዋል። ደንገል ማለት ክዳናቸው የተገጠመ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ሚሊዮን ጀሪካኖች በአንድ ቆዳ ተጠቅልለው ማለት ነው። ትልቁ ጀሪካን ቢበሳ አለቀለት። እዚህ ግን አንዱ ቢበሳ የቀሩት አሉ።

ሂሳቡን ለጭነት እናውለው። አንድ ኩንታል እህልና 60 ኪሎ የሚመዝን ቀዛፊ 160 ኪሎ ናቸው። ታንኳዋ እነሱን ለመሸከም ብቻ፣ የራሷ ክብደት ሳይቆጠር፣ 160 ሊትር ውኃ ገፍታ ቦታ መያዝ አለባት። ስምንት ጀሪካን ነው። የሚገርመው ብዛቱ አይደለም፤ ያን ያህል አየር ያለ ክዳን፣ ያለ ምስማር፣ ያለ ቅጥራን መታሰሩ ነው።

ቅጥራን ካነሳን አይቀር፣ በኦሪት ዘጸአት የሙሴ እናት ሕፃኑን ያስቀመጠችበት ሣጥን የደንገል ነበር፤ እሷ ግን ዝፍትና ቅጥራን ቀብታዋለች። ሕፃን ነውና እንዳይርስ ነው እንጂ ለመንሳፈፉስ ደንገሉ ራሱ በበቃ። ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ያለውን አገር ሲያነሳ የደንገል ጀልባዎችን ይጠቅሳል። ክርስቲያኑ በቀዳም ሥዑር ራሱ ላይ የሚያስረው ቄጠማም ቢሆን የጥፋት ውኃ መጉደሉ ለኖኅ የተበሠረበት መታሰቢያ ነው ይባላል። ጀልባና ቄጠማ ከጥንት ጀምሮ የተነጣጠሉበትን ጊዜ አላገኘሁም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ደንገሉ ሲቆረጥ እርጥብና ከባድ ነው፤ ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ነው። ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እናንተም እርጥብ ቄጠማ መዝናችሁ ጣሪያ ላይ ሳምንት ካቆያችሁት በኋላ ብትመዝኑት ሚዛኑን ትጠራጠራላችሁ። ውኃው የለቀቀውን ቦታ አየር ይይዘዋል። ከዚያ አገዳው በነዶ በነዶ እየሆነ በልጥ ገመድ ይታሰራል። አገዳው ግርጌው ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ነዶው በተፈጥሮው ወደ አንድ ወገን ይሾላል፤ ያንን ሽቅብ ቀልብሰው ሲያስሩት የታንኳው አፍንጫ ሆነ። መጋዝና መላጊያ አያሻም።

አስተሳሰሩ ላይ ሌላ ብልሃት አለ። ደረቅ አገዳ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ገመዱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ታንኳው ውኃ ላይ በዋለ መጠን ራሱን በራሱ ያጠብቃል።

ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ሰውም ዕቃም የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ከሥር የገባው ውኃ ከሥር ይቀራል፣ ከላይ ያለው እህል አይርስም። እንግሊዛዊው ቆንስል አር. ኢ. ቺስማን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ የተረከውን የጣና ዙሪያ ጉዞውን ያደረገው በእንዲህ ያሉት ታንኳዎች ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ ሲነካው አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ያነሳል። ግትር ጀልባ እንዲህ ያለ ማዕበል ላይ ይንገጫገጫል፤ ደንገል ግን ልል ስለሆነ ከማዕበሉ ጋር እጥፍ ዘርጋ ይላል።

ደንገል ምን ያህል እንደሚችል የታየው ከአገር ውጭ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ ሲነሳ፣ ብዙ ሊቃውንት ደንገል ባሕር ላይ በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል አሉት። እሱም 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና አስጭኖ ግብፅ ውስጥ ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። በግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረቦቹ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሡ።

5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው፣ ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ትተው ወጡ። ደንገሉ ግን አልበሰበሰም። የከዳቸው የኋላው ጭራ ነው። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ጭራው ሽቅብ ተቆልምሞ ከጫፉ ወደ ጀልባው ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል። እነሱ ጥቅሙን ስላልተረዱት ገመዱን ተዉት። ለካ ያ ገመድ የኋላውን ክፍል ቀና አድርጎ የሚይዝ ባላ ኖሯል! ገመዱ ሲቀር ጭራው እየወደቀ ውኃ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ተወላጆች እጅ የተሠራችው «ራ ሁለት» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ለኔ ከጉዞው ሁሉ የሚጥመኝ የዚያ ገመድ ነገር ነው።

ታንኳ የማይሰጥም ከሆነ ታዲያ ለምን ያረጃል? ውኃ በተቆረጠው ጫፍና በተላጠው ቆዳ በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ይህንንም ሞክሩት። ሁለት እኩል ደረቅ የቄጠማ ቁራጮች ውሰዱ፤ የአንዱን ሁለት ጫፍ የቀለጠ ሻማ ውስጥ ነከር አድርጉት፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሳድሯቸው። ጧት የትኛው ዝቅ እንዳለ ተመልከቱ። የታንኳው አፍንጫ ሽቅብ መቀሰሩ ለማማር ብቻ አይደለም፤ የአገዳው ጫፍ ከውኃ ይርቃል። ያም ሆኖ ታንኳ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያ ሌላ ይሠራል።

ይህን የአየር ብልሃት ጠላትም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ የሚንሳፈፈው ቅጠሉ ሥር ባበጠ፣ አየር በሞላ አንገቱ ነው። ስንት ሰው ከየአገሩ ተሰባስቦ በእጁ ሊነቅለው ወርዷል። እጃችሁ ከገባ አንዱን አንገት ሰንጥቃችሁ እዩት፤ ነጩን ልስላሴ ወዲያው ትለዩታላችሁ።

እንግዲህ ጥር ላይ ባሕር ዳር ከሆናችሁና ዕቃ የሚጭን ባለ ታንኳ ካገኛችሁ፣ ከባዱን ዕቃ ከመሐል ከወለሉ ላይ አቀብሉት። ከተሳፈራችሁ አትቁሙ፤ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ታንኳ አይሰጥምም እንጂ መገልበጥስ ይገለበጣል። መቀመጫችሁ ቢርስ ቀዳዳ አትፈልጉ። ዳር ስትደርሱ ደግሞ ሥራው አላለቀም። ታንኳው ከውኃ ወጥቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ የጠጣውን አንጠፍጥፎ ፀሐይ ካልመታው ለነገ አይሆንም። ያኔ ትከሻችሁን አበድሩ። ከመነሻው ይልቅ በብዙ ከብዶ ታገኙታላችሁ። ጫማችሁን ግን አስቀድማችሁ አውልቁ፤ ሲቆም ውኃው የሚንዶለዶለው እናንተ በቆማችሁበት በኩል ነው።