መጥበሻ ይዘው ስለሚሮጡ ሴቶችና ስለሚንከባለለው ፎርማጆ

በኢትዮጵያ እህልን መርገጥ ነውር ነውና፥ በኤውሮፓ በበዓል ቀን በሚበላ ነገር ይሽቀዳደማሉ ሲባል የሰማ ሰው አስቀድሞ ይቈጣል። ነገር ግን የጨዋታው ሥር ሲመረመር፥ ከጥጋብ ይልቅ ከጾምና ከቍጠባ የመጣ ሆኖ ይገኛል።

በእንግሊዝ አገር ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ የምዕራባውያን ዐቢይ ጾም ሊገባ በዋዜማው ማክሰኞ ሴቶች መጥበሻ ይዘው ይሮጣሉ። በመጥበሻውም ላይ ከዱቄት፥ ከዕንቁላልና ከወተት የተጋገረ፥ ፓንኬክ የሚሉት ስስ ቂጣ አለ። በቀድሞ ዘመን የምዕራብ ክርስቲያኖችም በዚህ ጾም ዕንቁላልና ወተት አይቀምሱም ነበርና፥ በቤት የተረፈው እንዳይበላሽ በዚያ ቀን ጋግረው ይጨርሱት ነበር፤ ይህም የኢትዮጵያን ቅበላ ይመስላል። እንደሚተረከው፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1445 ዓመት አንዲት ሴት ቂጣዋን ስትጋግር የኑዛዜው ደወል ሲደወል ሰምታ፥ እንዳትዘገይ ብላ ሽርጧን ሳትፈታ መጥበሻዋንም ሳታስቀምጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። ዛሬም ተሽቀዳዳሚዎቹ ሽርጥ ታጥቀው ራሳቸውንም በሻሽ አስረው፥ ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ 380 ሜትር ያህል ይሮጣሉ፤ ሲነሡና ሲደርሱም ቂጣውን ወደ ላይ ወርውረው ገልብጠው በመጥበሻው ይቀበሉታል። መሮጡስ ለማንም ይቻላል፤ ጭንቁ ቂጣውን አለመጣል ነው። ከሩጫው በኋላ ጸሎት ይደረጋል። ከ1950 ዓመት ጀምሮ በአሜሪካ፥ በካንሳስ ግዛት፥ ሊበራል በምትባል ከተማ ያሉ ሴቶችም በዚያው ቀን እንዲሁ ይሮጣሉ፤ የሁለቱ ከተሞች አሸናፊዎች የሮጡበት ጊዜ ተነጻጽሮ የበለጠችው ትታወቃለች።

በዚያው በእንግሊዝ አገር፥ በግሎስተር አውራጃ፥ ኩፐርስ ሂል ከሚባል ኮረብታ ላይ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ክብ ፎርማጆ ቍልቍል ይለቀቃል፤ ጐልማሶችም ይከተሉታል። ቀድሞ ከጰራቅሊጦስ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ይደረግ ነበር፤ አሁን ግን በኤውሮፓውያን የሜይ ወር መጨረሻ ሰኞ ይደረጋል። ከታች ቀድሞ የደረሰ ፎርማጆውን ይወስዳል። ቍልቍለቱ እንደ ገደል ስለ ሆነ ወድቆ አጥንቱ የሚሰበር አለ፤ ለተማሪ ልጆች የሚመከር ጨዋታ አይደለም።

ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከእርሱም በኋላ ምግብ በመጠን ሲታደል ያደረጉት ሊታወቅ ይገባል። ጨዋታውን ሳይተዉ፥ ፎርማጆውንም ሳያባክኑ፥ ከ1941 እስከ 1954 ዓመት ድረስ ከእንጨት የተጠረበ ክብ ያንከባልሉ ነበር፤ በእንጨቱም መካከል በተፈለፈለው ጕድጓድ አንዲት ቍራሽ እውነተኛ ፎርማጆ ያኖሩ ነበር።