የጉልበት ሕመም፣ ተራዊሕና የምንጠጣው ውኃ

በረመዳን የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በቡልቡላ መስጂዶች ሰፉ ጢም ብሎ ይሞላል። ሳምንት ሳይሞላ ከኋላ መሳሳት ይጀምራል። የሚቀሩት ሁሉ ሰነፎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ጉልበትና ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ወንበር ላይ መስገድ የሚያሳፍራቸው አባቶችና እናቶች ናቸው።

ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው ስለ ሶላት ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ታዲያ ማን ያፍራል? ተራዊሕ ሱና ስለሆነ ጤነኛም ቢሆን ተቀምጦ ሊሰግደው ይችላል። በፈርድ ግን መቆም የሚችል፣ ሱጁድ ብቻ የሚያቅተው ሰው ቆሞ ይሰግድና ሱጁድ ሲደርስ ይቀመጣል።

እኛ በአንድ ስም «ቁርጥማት» የምንለው ሕመም አንድ አይደለም። በዕድሜና በክብደት የሚመጣው የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነው ልስልስ አካል ሲሸረሸር ነው፤ ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። ሌላው ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚነሣ ብግነት ነው፤ የሁለቱም እጆች ጣቶች ያብጣሉ፣ ጠዋት ላይ እጅ ለመጨበጥ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህኛው በጊዜ ካልታከመ መገጣጠሚያውን ያጣምማል፤ ወጌሻ ዘንድ በመታሸት የሚያልፍ አይደለም። ሪህ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ ድንገት ይነሣል፤ ቀኑን ያለ ውኃ ውሎ ማታ ሥጋ ማብዛት ይቀሰቅሰዋል።

መድኃኒት ላይ ጠንቀቅ እንበል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይም ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሱሑር ላይ ውጦ ቀኑን ያለ ውኃ ከመዋል፣ ከኢፍጣር ምግብ በኋላ በቂ ውኃ እየጠጡ መውሰድ ይሻላል። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካቸው። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው «ጾም ገባ» ብሎ በድንገት አያቋርጥ። ሜቶትሬክሴት ለቁርጥማት ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። የሚቀባ መድኃኒትና ለምግብነት ያልሆነ የጡንቻ መርፌ ጾም እንደማያስፈታ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ወስኗል። ሐኪሙ «አትጹም» ካለ ሲሻል ቀዷ ማውጣት፣ መዳን ተስፋ ለሌለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ማብላት ነው።

ወደ ሰፈራችን ጉዳይ ልምጣ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በብዙ የበለጠ ውኃ ለዓመታት ሲጠጣ መጀመሪያ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ኋላ አጥንት ውስጥ ገብቶ አንገትና ወገብን ያደርቃል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የጉድጓድ ውኃ ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ሐኪሞችም መዝግበውታል። ሰውየው ቁርጥማት መስሎት ማስታገሻ ሲውጥ ይኖራል። አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያስወጣ አስተማማኝ መድኃኒት የለምና ጥበቃው ከውኃው ይጀምራል።

ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል። ሶደሬ ወይም ሌላ ፍል ውኃ ገብቶ መታጠብ ሕመም ያስታግሳል፣ እሰየው፤ ነገር ግን «ጸበል ነው፣ መድኃኒት ነው» ብሎ በጄሪካን ቀድቶ መጠጣት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍል ውኃ ፍሎራይዱ ብዙ ነው። ከጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በንጹሕ በርሜል ተጠራቅሞ ተፈልቶ ቢቀመጥ ቅድሚያ ለልጆች ይሰጥ። የጉድጓዱ ውኃ ተመርምሮ እንደሆነ የወረዳውን የውኃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓትም ቢሆን ይደረሳል።