ኔትወርክ ሲጠፋ፦ የመኪና ሬዲዮ መገናኛ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሠራል?



ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ጅሬፍ ነበርን። ጎረቤታችን፣ የአገራችን ልጅ፣ ሁለት ዎኪ ቶኪ ነበረው። አንዱን ኦምዱርማን ለሚኖረው ወንድሙ ሰጥቶት ስለነበር ስልክ እንቢ ሲል በእሱ ተስፋ አደረገ። ቢጠራ ቢጠራ ግን «ሽሽሽ» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። ከከተማ ስንወጣ ሬዲዮውን እዚያው ጥሎት ሄደ። ኬላ ላይ «ከማን ጋር ነው የምታወራበት?» ቢሉት ምን ብሎ ይመልሳል?

በጥር 2016 መጨረሻ የዘይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ መስመሮች በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ሲቋረጡ ይህ ታሪክ ትዝ አለኝ። ካምፕ ውስጥ ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ የእርዳታ መኪና ላይ ያለውን ረጅም ዘንግ ያለው ሬዲዮ እኛ መግዛት አንችልም?» እያሉ ይጠይቁኛል። የማውቀውን ላካፍላችሁ።

አማተር ሬዲዮ ምንድን ነው?

ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት፣ ፈቃድ ያለው ሰው የሚጠቀምበት ሬዲዮ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የጥሪ ምልክት አለው። የሱዳን በ«ኤስቲ»፣ የኢትዮጵያ በ«ኢቲ» ይጀምራል። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። በእርዳታ መኪኖች ላይ የምናየው፣ ለምሳሌ ኮዳን የሚባለው፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ቢሆንም ፈቃዱና ፍሪኩዌንሲው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ርቀቱን አስቡ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ማርካ ይሻላል?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ከየት እስከ የት?» የሚለው ነው።

1. የእጅ ሬዲዮ፦ ኃይሉ 5 ዋት አካባቢ ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሕንፃ ያግደዋል። ከተማ ውስጥ ከአንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። የጎረቤታችን ሬዲዮ ተበላሽቶ አልነበረም፤ ከጅሬፍ ኦምዱርማን ለእሱ ሩቅ ነው።

2. የመኪና ቪኤችኤፍ፦ አማተሮች በእኛ አካባቢ ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ይጠቀማሉ። ኃይሉ እስከ 50 ዋት ይደርሳል። ሜዳ ላይ ከመኪና ወደ መኪና ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ሊሄድ ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሪፒተር፣ ማለትም ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ካለ፣ ከዚያም ይርቃል።

3. የመኪና ኤችኤፍ፦ አብዛኛውን ጊዜ 100 ዋት ነው። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ክፍል ነጥሮ ይመለሳል። ከካርቱም ገዳሪፍ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያለ ሪፒተር እዚያ የሚያደርሰው ይሄ ብቻ ነው። በዚህ ርቀት ብዙ ጊዜ ቀን 7፣ ማታ 3.5 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይሻላል።

አንቴናና ባትሪ

ውድ ሬዲዮ በመጥፎ አንቴና ከርካሽ ሬዲዮ አይሻልም። ለቪኤችኤፍ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘንግ በመኪናው ጣሪያ መሃል ላይ ይበቃል። ለኤችኤፍ ግን የመኪና ዘንግ አጭር ስለሆነ ብዙ ኃይል ይባክናል። መኪናው ሲቆም ለ7 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ያህል ሽቦ መሃሉ ላይ ተከፍሎ፣ በሁለት ዛፍ መካከል ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ቢወጠር ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንቴና ሳይሰካ የማውሪያውን ቁልፍ መጫን ግን ሬዲዮውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ኤሌክትሪኩስ? 100 ዋት ሬዲዮ ሲናገሩበት ከ12 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር ያህል ይስባል። ስለዚህ ከሲጋራ መለኮሻው ሳይሆን በወፍራም ሽቦና በፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ይገናኛል። ሞተር ጠፍቶ ብዙ ከተወራበት መኪናው በኋላ አይነሳም። ስልክ የምንሞላበት ትንሽ ሶላርም አይችለውም።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ማይኩና የኃይል ገመዱ መኖሩን እዩ፤ ከሌላ ሬዲዮ ጋር ሳትሞክሩትም ገንዘብ አትስጡ።

አነጋገሩ

መጀመሪያ አዳምጡ፤ መስመሩ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ቆዩና ተናገሩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። በመጀመሪያ የምትጠሩትን፣ ቀጥሎ የራሳችሁን የጥሪ ምልክት ተናገሩ። አጭር ሁኑ፣ ስትጨርሱ «ኦቨር» በሉና ቁልፉን ልቀቁ። ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ ከተናገራችሁ አትሰማሙም።

ደግሞ ሬዲዮ እንደ ስልክ የሁለት ሰው ምስጢር አይደለም። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማል። በአማተር ሬዲዮ መልእክትን በምስጢር ቋንቋ መደበቅም ክልክል ነው።

ዋናው ነገር

በሱዳን ፈቃድ የሚጠየቀው ከቴሌኮሙኒኬሽንና ፖስታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሰላም ጊዜም ያስጠይቃል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ስደተኛ መገናኛ ይዞ ከተገኘ «ሰላይ ነህ» ሊባል ይችላል። መሣሪያ ያለው ወገን ሞገዱን ተከትሎ የተናጋሪውን ቦታ ማግኘትም ይችላል። ስለዚህ እኔ ተማሪዎቼን የምላቸው ይህንን ነው፦ ትምህርቱን ተማሩ፣ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ግን አታሰራጩ።

መስማት ሌላ ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ በድንጋይ ባትሪ ይሠራል፤ ምንም ስለማያሰራጭ በሞገድ ያላችሁበትን አይጠቁምም። ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ቢቢሲ ለሱዳን በአጭር ሞገድ ልዩ የዐረብኛ ሥርጭት ከፍቶ ነበር። ሬዲዮ ዳባንጋም ለዓመታት በዚሁ መንገድ ሲሰማ ኖሯል። የጠፋ ዘመድ ለመፈለግ ደግሞ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ የቤተሰብ አገናኝ አገልግሎት አለ፤ ካምፓችሁ ውስጥ ጠይቁ።

ጎረቤታችን ወንድሙን ከወራት በኋላ አግኝቶታል። ያገናኛቸው ግን ዎኪ ቶኪው አይደለም፤ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ የሚሄድ ሰው ይዞለት የሄደው፣ የእናታቸው ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው። እናንተም የቤተሰባችሁን ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

በቸር ይግጠመን።