የአዞዎቹ አገር ፓፓያ እና የወገብ መርፌ

አርባ ምንጭ ሲነሳ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አዞ እና ኳስ አብረው ይነሳሉ። የ«አዞዎቹ» ደጋፊ ግን እዚያው የሚበቅለው ፓፓያ በአንድ ወቅት የወገብ መድኃኒት ይሠራበት እንደነበር ሲሰማ ሳይገረም አይቀርም። ቀልድ አይደለም።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሀል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ዙሪያው ጠንካራ ሲሆን መሀሉ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ዝልግልጉ ይወጣና ነርቭ ይጫናል። «ዲስኩ ተንሸራተተ» የሚባለው ይሄ ነው። ዲስክ እንደ ጡንቻ የደም ሥር ስለሌለው ቶሎ አይጠገንም።

በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ሊማን ስሚዝ ከፓፓያ ወተት የሚገኘውን ካይሞፓፔይን ዲስክ ውስጥ በመርፌ ሰጠ። መድኃኒቱ ዝልግልጉን ያሟሟል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ቢፈቀድም በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ከባድ አለርጂ አስከትሏል፤ በ2003 ከገበያ ወጣ።

የአሁኑ ጨዋታ ተገልብጧል፤ ማሟሟት ቀርቶ መሙላት ሆኗል። ሃይድራፊል የተባለው ጄል ሞቆ በመርፌ ይገባና የዲስኩን ስንጥቅ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት ጄሉን የወሰዱ 20 ሕሙማን የሕመም መጠን ከስድስት ወር በኋላ በአማካይ ከ7.1 ወደ 2.0 ወርዷል። ውጤቱ ደስ ይላል፤ ግን 20 ሰው ብቻ ነው፣ ማወዳደሪያ ቡድንም አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በየሳምንቱ ዘጠና ደቂቃ የሚጋጩ ተከላካዮች አይደሉም።

ገንዘብ ያለው ስፖርተኛም አቋራጭ አላገኘም። የጎልፉ ንጉሥ ታይገር ውድስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቹን አጣብቆ በ2019 ማስተርስን አነሳ። በ2025 ግን አንድ ዲስኩን በሰው ሠራሽ አስቀየረ።

ታዲያ ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ በየሜዳው የሚራወጠው ታዳጊ ምን ያድርግ? መልካሙ ዜና፣ የዲስክ መንሸራተት የገጠመው አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። አልጋ ላይ መክረም አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስና የወገብና የሆድ ጡንቻን ማጠንከር ይረዳል። ማስታገሻ ተወግቶ ሜዳ መግባት ግን ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያድንም። እግር ከዛለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለ ወጌሻ ጋር ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ጄሉ አንድ ቀን ይደርስ ይሆናል። እስከዚያው አንድ ጨዋታ ቢያልፍ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ወገብ ግን ተቀያሪ የለውም።