ስለ ዓሣ ኩሬ የውሃ ቫልቭ አያያዝ

በግቢው ላለው የዓሣ ኩሬ ቫልቭ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ሻጩ ግን ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። የነሐስ ቫልቭ ለቤት ቧንቧ የታመነ ቢሆንም፥ ከእርሱ የሚሟሟው መዳብና ዚንክ ዓሣን ይመርዛል፤ ይልቁንም ኖራ ባነሰው ውሃ ጉዳቱ ይበረታል። ስለዚህ ለኩሬ የሚሻለው የፒ ቪ ሲ ቫልቭ ነው። ከዚህም ውስጥ በሁለቱ ጫፍ በእጅ የሚፈታ ማያያዣ ያለው ይመረጣል፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ቧንቧ ሳይቆረጥ ተፈትቶ ይጸዳልና።

ለወራት ያልተነካ ቫልቭ በዝቃጭና በኖራ ይያዛል። በወር አንድ ጊዜ ፓምፑን አጥፍቶ፥ እጀታውን እስከ መጨረሻው ዘግቶ ወዲያው መክፈት ይበቃል። ወደ ማጣሪያው የሚወስደው ተዘግቶ የተረሳ እንደ ሆነ ግን፥ በማጣሪያው ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ይሞታሉ፤ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያም በኩሬው ይጠራቀማል። የተያዘውን እጀታ በመፍቻ ማስገደድ ዘንጉን መስበር ነው።

የማሸጊያው ጎማ ሲደርቅ የሚቀባው የሲሊኮን ቅባት ነው። የመኪና ግሪስ፥ ብዙ ሰው እጁ ላይ ያገኘው እርሱን ቢሆንም፥ ኢ ፒ ዲ ኤም የተባለውን ጎማ ያሳብጠዋል። የጎማውም ልክ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ፥ አስመጪው ቫልቩን ሲያዝ መለዋወጫ ጎማውን አብሮ ማዘዝ ይኖርበታል።