ከጀት የሚያስፈነጥረው ወንበር

ተዋጊ ጀት ወደቀ የሚል ወሬ ሲመጣ አብራሪዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት «ወጣ ወይ?» ብለው ነው። «ወጥቷል» ከተባለ ልባቸው ይረጋል። ቀጥሎ የሙያው ጥያቄ ይመጣል፦ በስንት ከፍታ? በምን ፍጥነት? አፍንጫው ወደ ላይ ነበር ወይስ ወደ ታች? አደጋውን ያላየ አብራሪ እንኳ ከእነዚህ መልሶች ተነሥቶ ሰውየው ምን ያህል ዕድል እንደነበረው ያሰላል። ስሌቱ ሁሉ የሚዞረው በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ነው፤ አብራሪው በተቀመጠበት ወንበር።

ወንበር ሲባል የምቾት ዕቃ እንዳይመስልዎ፤ ባሩድና ሮኬት የተገጠመለት ማሽን ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በሚጠቀምበት ሱኾይ-27 ላይ ያለውን ሩሲያ ሠራሽ ኬ-36 እንይ። አብራሪው በጭኖቹ መካከል ያለውን እጀታ ሲስብ ቀበቶው ትከሻውን ወደ ኋላ ጎትቶ ከመደገፊያው ጋር ያጣብቀዋል፤ እግሮቹም ይታሰራሉ። ከራሱ በላይ ያለው የመስተዋት ክዳን ተፈንቅሎ ይሄዳል። ወዲያው ባሩዱ ተተኩሶ ወንበሩን በሐዲዱ ላይ ሽቅብ ይወረውረዋል፤ ሮኬቱ ተቀብሎ ከጅራቱ በላይ ያሳልፈዋል። ከጀርባው ሁለት ዘንጎች ተዘርግተው በአየር ላይ እንዳይገለባበጥ ይይዙታል። ከዚያ ሰውና ወንበር ይለያያሉ፣ ጃንጥላው ይዘረጋል። ከመሬት ቀረብ ብሎ ለወጣ ሰው ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንዶች ነው። እጀታው ከተሳበ በኋላ ከአብራሪው የሚጠበቅ ሥራ የለም። በዚያች ቅጽበት ግን ከገዛ ክብደቱ 15 እጥፍ የሚደርስ ጫና ስለሚያርፍበት የአከርካሪ አጥንት ጉዳት የተለመደ ነው።

ከፍ ካለ ቦታ የወጣ አብራሪ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። አሥር ሺህ ሜትር ላይ ብርዱ ከባድ፣ አየሩም ስስ ነው፤ ጃንጥላው እዚያ ቢከፈት ሰውየው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ወንበሩ የአየር ግፊትን በሚለካ መሣሪያ እየታገዘ ወደተወሰነለት ከፍታ እስኪወርድ ይጠብቃል። ይህ ከፍታ እንደ አገሩ መልክዓ ምድር ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ይደርሳል። ልኩ ለምን እንደሚለያይ የከሚሴን አካባቢ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ከተማዋ ያለችው 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በስተምዕራብ የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ሽቅብ ይነሣል። ከጨፋ ሜዳ እስከ ደጋው ጫፍ ለጀት የደቂቃ መንገድ አይሆንም። ጃንጥላው 3,000 ሜትር ላይ እንዲከፈት ቢደረግ ሜዳው ላይ በቂ ጊዜ አለ፤ ያንኑ ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ግን ሳይከፈት መሬት ይደርሳል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የሙከራ አብራሪ ሄልሙት ሼንክ በ1934 ዓ.ም. ጥር ወር በረዶ መቆጣጠሪያውን ከያዘበት ሄንክል-280 አውሮፕላን በታመቀ አየር በሚሠራ ወንበር ወጥቶ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ እየተራቀቀ ቢመጣም አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ውሳኔው በአብዛኛው የአብራሪው ነው። ብዙ ሕይወት የሚጠፋውም «ትንሽ ልሞክር፣ አድነዋለሁ» እያሉ ከአውሮፕላኑ ጋር ሲቆዩ ነው። ሶቪየታዊው የሙከራ አብራሪ አናቶሊ ክቮቹር ሰኔ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በፓሪስ የአየር ትርዒት ላይ ሚግ-29 እያበረረ አንዱ ሞተር ጠፋበት። እጀታውን የሳበው ከመሬት 90 ሜትር ገደማ ላይ፣ አውሮፕላኑ ሊከሰከስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ሲቀረው ነበር። ተረፈ። ምዕራባውያን ባለሙያዎችም ከዚያ ቀን በኋላ ኬ-36ን በቁም ነገር ማጥናት ጀመሩ።

የዚሁ ወንበር ውለታ በእኛም አገር ታይቷል። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ላይ በትርዒት በረራ ወቅት አንድ ሱኾይ-27 ሲወድቅ አብራሪው ሩሲያዊው ቪያቼስላቭ ሚዚን በወንበሩ ወጥቶ ድኗል። ያረፈው ወዳጅ መሬት ላይ ስለነበር ታሪኩ እዚያው አበቃ።

ለሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። በኢትዮ–ሶማሊያ ጦርነት ኤፍ-5 ያበርር የነበረው ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ ቢወርድም ከታች የጠበቀው የሶማሊያ እስር ቤት ነበር፤ 11 ዓመት ታስሮ በ1980 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ ኋላም የጄኔራልነት ማዕረግ አገኘ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወድቆ ነበር። ተፈትቶ ወደ በረራው ተመለሰ፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ አስመራ ላይ ሚግ-23 አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ ሲወርድ ዳግመኛ ተማረከ። ወንበሩ ሁለቱንም ከሞት አውጥቷቸዋል፤ የቀረውን የወሰነው ያረፉበት መሬት ነው።

ስለዚህ የወንበሩ ሥራ ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ከታች ባለው ሰው እጅ ነው። ከሚሴ ባለችበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በበጋ ከብቶች የሚሰበሰቡት በጨፋ ረግረግ ዙሪያ ነው፤ ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያው ይሞላል። እንዲህ ባለ አገር አብራሪ ቢወርድ ከነፍስ አድን ቡድን በፊት የሚደርስለት እረኛ ወይም ገበሬ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያዙልኝ፦ የወረደውን ሰው ብድግ አድርጋችሁ አታቁሙት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ባለበት አስተኙት። ወንበሩንና ስብርባሪውን አትንኩ፤ ያልተተኮሰ ባሩድ ወይም ጥይት ሊኖርበት ይችላል። በ2014ቱ ጦርነት ላለፈ አካባቢ ያልፈነዳ ብረት ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። ልጆችን አርቁ፣ ለቅርቡ ፖሊስ ወይም ሠራዊት ደውሉ። የየትኛውም ወገን ይሁን፣ እጁ ባዶ ሆኖ ከሰማይ የወረደን ሰው መምታት የጦርነት ሕግም የሚከለክለው ነው።